«አፈገፈገ» ሸሸ ማለት ነውን? ስለ አንድ ግሥ ፍቺና መነሻ የቀረበ ሒስ

የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ብርቅ ቃል ሲያጋጥመው ይጠነቀቃል፤ ሊቃውንትን ይጠይቃል፤ መጻሕፍትን ያገላብጣል። ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው «ይኸንንማ ማን ያጣዋል» ብሎ በሚያልፈው ቃል ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው «አፈገፈገ» የሚለው ግሥ ከዚህ ወገን ይመደባል። ቃሉን ያልሰማ የአማርኛ ተናጋሪ የለም፤ ይሁን እንጂ ፍቺውን በጽሑፍ እንዲያስቀምጥ የተጠየቀ ሰው ወዲያው «ሸሸ» ይላል፤ ወይም «ወደ ኋላ አለ»፣ አለዚያም «ወደ ኋላ ተመለሰ» ይላል። «ወደ ኋላ አለ ማለትስ?» ተብሎ ሲጠየቅ ደግሞ «አፈገፈገ ማለት ነዋ» ሲል ይመልሳል። አንዱ ቃል ሌላውን እየጠራ ክቡ ይዘጋል፤ ጠያቂውም ከጀመረበት ላይ ይገኛል።

ወደ ኋላ መሄድን የሚገልጹ ግሦች አቅጣጫን ብቻ አይነግሩም፤ በሄደው ሰው ላይም ፍርድ ይሰጣሉ። አንድን ሰው «ሸሸ» ያለ ጸሐፊ ሰውየውን ወቅሶታል፤ «ተመለሰ» ያለ ከወቀሳ ነጻ አድርጎታል፤ «አፈገፈገ» ያለ ደግሞ ነገሩ ገና አላለቀም ማለቱ ነው። ስለዚህ ሦስቱን እንደ አንድ የሚቈጥር መዝገበ ቃላት ተርጓሚውን ያሳስታል፤ ተርጓሚውም ሳያውቀው ፈራጅ ይሆናል። ይኸ አደጋ በተለይ የሚታየው ሁለት ቋንቋዎች በአንድ ገበያ፣ በአንድ ችሎትና በአንድ መሥሪያ ቤት ጎን ለጎን በሚሠሩበት ስፍራ ነው። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ከሚሴ እንዲህ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ የግሡን ፍቺና ቅርጽ ከመረመርን በኋላ ሐሳባችንን በእርሷ እንፈትናለን።

1. የአቻ ቃል ልማድ

ቃልን በአንድ አቻ ቃል የመፍታት ልማድ ከየት እንደመጣ ለመረዳት የመዛግብተ ቃላታችንን ታሪክ መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የኢዘንበርግ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1841፣ የአንቷን ዳባዲ በ1881፣ የኢኛሲዮ ጒይዲ በ1901 ታተሙ። እነዚህ ሥራዎች የተዘጋጁት ለውጭ አገር አንባቢ በመሆኑ በአማርኛው ቃል አንጻር የእንግሊዝኛ፣ የፈረንሳይኛ ወይም የጣሊያንኛ አቻ ያስቀምጣሉ። ለተነሡበት ዓላማ አግባብ ነበር፤ አንባቢው የራሱን ቋንቋ ጠንቅቆ ስለሚያውቅ አንድ ቃል ሲሰጠው የቀረውን ራሱ ይሞላል።

የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ በ1948 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ሲታተሙ ሥራው በአገር ቋንቋ ላይ ቆመ። በ1993 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል አማርኛ መዝገበ ቃላትን አሳተመ። ሥራው እንዲህ እየሰፋ ቢሄድም የአቻ ቃል ልማድ ከእኛ ከሙያው ሰዎች እጅ ፈጽሞ አልወጣም። አቻ ቃል ለዕቃ ስም ብዙ ጊዜ ይበቃል። እንቅስቃሴን ለሚገልጽ ግሥ ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም የእንቅስቃሴ ግሥ ከየት፣ ወዴት፣ እንዴትና ስለ ምን የሚሉትን ጥያቄዎች በአንድ ትንፋሽ የሚመልስ በመሆኑ ነው። አቻ ቃሉ ከአራቱ ጥያቄዎች አንዱን ብቻ መልሶ ሦስቱን ሊያጠፋ ይችላል።

2. አራቱ ግሦች በሚዛን ላይ

«ተመለሰ»፣ «ሸሸ»፣ «ለቆ ወጣ» እና «አፈገፈገ» የሚሉትን አራት ግሦች ወስደን በዐረፍተ ነገር እናመዛዝናቸው።

«ተማሪው ማታ ወደ ቤቱ ተመለሰ» ይባላል። «ተማሪው ማታ ወደ ቤቱ አፈገፈገ» ቢባል ግን ሰሚው ይስቃል፤ ካልሳቀም መንገድ ላይ ጠብ የገጠመው ልጅ በዐይነ ሕሊናው ይታየዋል። ከዚህ የምንረዳው «ተመለሰ» ወደ መነሻ ስፍራ መድረስን ብቻ እንደሚናገር ነው። «አፈገፈገ» ግን የሚገፋ ወይም የሚያስፈራ ነገር ከፊት ለፊት መኖሩን ግድ ይላል። በቅሎዋ አፈገፈገች ሲባል የሰማ ሰው «ምን አይታ?» ብሎ ይጠይቃል። በቅሎዋ ተመለሰች ቢባል ግን ይኸ ጥያቄ አይነሣም።

«ሸሸ»ም የሚያስፈራ ነገር ይፈልጋል። ታዲያ ከ«አፈገፈገ» በምን ይለያል? ሁለቱ ግሦች በምሳሌያዊ አነጋገር የሚያዛምዷቸውን ስሞች መመልከት መልሱን ያሳያል። «ከኃላፊነቱ ሸሸ» እንላለን፤ «ከአቋሙ አፈገፈገ» እንላለን። ቦታ አለዋውጠን «ከአቋሙ ሸሸ» ብንል አነጋገሩ ይሻክራል። ኃላፊነቱን የሸሸ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ሄዷል። ከአቋሙ ያፈገፈገ ሰው ግን አሁንም በክርክሩ ውስጥ ነው፤ ቀድሞ ከነበረበት ጥቂት ርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ቆሟል። «አቋም» ራሱ «ቆመ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስም መሆኑ ይኸን ያጠናክራል፤ የሚያፈገፍግ ሰው መቆሚያውን ይለውጣል እንጂ መቆምን አይተውም።

ግዑዝ ነገርም ምስክር ይሆነናል። የሐይቅ ዳር ሲደርቅ «ውሃው ሸሸ» ይባላል። «ሸሸ» በመሠረቱ መራቅን የሚናገር በመሆኑ ፊት የሌለው ውሃ ሊሸሽ ይችላል። «አፈገፈገ» ግን የሚቋቋምና የሚቋቋሙት ያለው ባለቤት ይሻል። ከ«ሸሸ» አልፎ «ፈረጠጠ» ሲባል ደግሞ መራቁ ሥርዐት አጥቷል፤ ሯጩ ጓዙን ጥሏል፤ ወዴት እንደሚሄድም አላሰበም።

«ለቆ ወጣ» ከአራቱ ሁሉ ዝምተኛው ነው። ስፍራው መለቀቁን ይናገራል፤ ስለ ምን እንደተለቀቀ፣ የለቀቀውም ሰው ፊቱን ወዴት እንዳደረገ አይናገርም። ስለዚህ ዜና ጸሐፊ ምክንያቱን ባላረጋገጠ ጊዜ ከሁሉ የሚሻለው ይኸ ግሥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «የሚያፈገፍግ ሠራዊት እኮ ዘወር ብሎ ይጓዛል እንጂ እስከ መጨረሻው ድረስ ፊቱን ወደ ባላጋራው አድርጎ የኋልዮሽ አይሄድም» ሊባል ይቻላል። እውነት ነው፤ በሰልፍ ሜዳ «ወደ ኋላ ዙር!» ተብሎ ሲታዘዝ የሚዞረው ፊት ነው። በቅሎዋና ልጁ ሲያፈገፍጉ በእርግጥ ፊታቸውን አያዞሩም፤ የግሡ ሥዕል የተወሰደውም ከዚህ ዐይነቱ እንቅስቃሴ ይመስለናል። በሠራዊትና በክርክር ላይ ሲውል ግን «ፊት» የሚለው የዐይንና የአፍንጫን አቅጣጫ ሳይሆን ከባላጋራ ጋር ያለውን መፋጠጥ ያመለክታል። ያፈገፈገ ስፍራውን ለቋል፤ ፍጥጫውን አልለቀቀም። የሸሸ ሁለቱንም ለቋል። የተመለሰ ከመጀመሪያውም ፍጥጫ ነበረው አልተባለም። ለቆ የወጣ ስፍራውን መልቀቁ ብቻ ታውቋል። ግሦቹን የሚለያያቸው ይኸ ነው፤ «ወደ ኋላ» የሚለው ሐረግ ብቻውን ልዩነቱን ሊሸከም አይችልም።

3. የግሡ ቅርጽና መነሻ

የ«አፈገፈገ» መሠረተ ፊደላት ፈ፣ ገ፣ ፈ፣ ገ ናቸው፤ ሁለት ፊደላት በተራቸው ይደጋገማሉ። መዛግብተ ቃላታችን ግሦችን በመሠረተ ፊደላቸው ስለሚያሰልፉ «አፈገፈገ»ን የሚፈልግ አንባቢ ከ«ፈ» ሥር «ፈገፈገ» ከሚለው ጋር ያገኘዋል። «ፈገፈገ» ደግሞ በዕለታዊ ንግግር አጥብቆ አሸ፣ ፈተገ ማለት ነው፤ ጀርባም ምጣድም ይፈገፈጋል። ከዚህ የተነሣ «አፈገፈገ» የ«ፈገፈገ» ርቢ ሆኖ በመነሻው ያለው «አ» አስደራጊ ያደረገው ሊመስል ይችላል። ይኸ ግን ሰዋስዉ አይፈቅደውም።

አንደኛ፣ አስደራጊ ግሥ ተሳቢ ይቀበላል። «አፈገፈገ» ግን አይቀበልም፤ «ባላጋራውን አፈገፈገው» አይባልም። ሁለተኛ፣ በአማርኛ «አ» በመነሻቸው እያለ አስደራጊ ያልሆኑ በርካታ ግሦች አሉ። «አለከለከ» የተባለ ሰው የደከመው ራሱ ነው፤ ሌላውን አላደከመም። «አረገረገ»፣ «አዘቀዘቀ»፣ «አቆለቆለ»፣ «አጎነበሰ» የሚሉትም የባለቤቱን የራሱን ሁናቴ ይናገራሉ። እነዚህ ግሦች አስደራጊ መሆን ሲያስፈልጋቸው «አ»ው ለ«አስ» ቦታ ይለቃል፤ «አጎነበሰ» የሚለው «አስጎነበሰ» ይሆናል። በዚሁ ደንብ «አስፈገፈገ» ማለት ይቻል ነበር፤ ልማዱ ግን «እንዲያፈገፍግ አስገደደ» በማለት ይረካል።

ታዲያ የመፈግፈግና የማፈግፈግ መመሳሰል ከምን መጣ? ጀርባን የሚፈገፍግ እጅ ይመላለሳል፤ የሚያፈገፍግ ሰው ርምጃ በርምጃ ይሄዳል። ለሁለቱ የጋራ የሆነው መደጋገም ነው። መደጋገምን የሚናገረው ደግሞ ግሦቹ የተቀረጹበት ቅርጽ እንጂ የግድ አንድ የጋራ ሥር አይደለም። በ«አለከለከ» ትንፋሽ ይደጋገማል፤ በ«አረገረገ» ከፍና ዝቅ ማለት ይደጋገማል፤ «ቀጠቀጠ» በሚለውም ምት ይደጋገማል። ስለዚህ ሁለቱን ግሦች በመልካቸው ብቻ ማዛመድ ሁለት ቀያይ በሬዎችን አይቶ የአንድ ላም ጥጆች ናቸው እንደማለት ነው።

ቅርጹ የሚሰጠን ማስረጃ ግን ለፍቺው ይጠቅማል። ማፈግፈግ በአንድ ዝላይ የሚፈጸም አይደለም፤ ቀስ በቀስ የሚደረግ ነው። «በአንድ ጊዜ ፈረጠጠ» ይባላል፤ «በአንድ ጊዜ አፈገፈገ» ቢባል ግን ጆሮ ይጎረብጣል። እንግዲህ ሁለቱን ግሦች በተለያየ መግቢያ ማስፈር ይገባል፤ አንዱን የሌላው ርቢ አድርጎ ማስቀመጥ አይገባም።

4. «ኋላ» እና «ድኅር»

የእንቅስቃሴውን ግሥ ካየን ዘንድ አቅጣጫውን የሚሰይሙትን ቃላትም ማየት አለብን፤ ፍርዱ ከየት እንደሚመጣ በእነርሱ ይታወቃልና።

«ኋላ» የሚለው ቃል ከግዕዙ «ከዋላ» ጋር ይዛመዳል፤ «ከዋላ» የነገርን ኋለኛ ክፍል፣ የመርከብንም ኋላ ይሰይማል። የ«ከ» ድምፅ መላላት በአማርኛ እንግዳ አይደለም፤ የግዕዙ «ኮነ» በአማርኛ «ሆነ»፣ «ኵሉ» ደግሞ «ሁሉ» ሆኗል። ከዚህ ቃል «የኋሊት»፣ «የኋልዮሽ»፣ «ኋለኛ»፣ «የኋላ ኋላ» ወጥተዋል። በጊዜ ላይ ሲውል ግን ቃሉ ሁለት ፊት አለው። «ኋላ እነግርሃለሁ» ያለ ሰው ገና የሚመጣውን ጊዜ ያመለክታል፤ «ኋላ የመጣ ዐይን አወጣ» የሚለውም ምሳሌ ዘግይቶ የመጣውን ይናገራል። «ወደ ኋላ መለስ ብለን እናስታውስ» ያለ ግን ያለፈውን ያመለክታል። «ፊት»ም እንዲሁ ነው፤ «በፊት» ያለፈው ነው፤ «ወደፊት» የሚመጣው ነው። ስለዚህ «ኋላ» መጥፎ፣ «ፊት» መልካም ነው የሚል ፍርድ በቃላቱ ውስጥ የለም።

የግዕዙ «ድኅር» የበለጠ ያስተምረናል። በቤተ ክህነት አነጋገር ፈጣሪ «ቀዳማዊ ወደኃራዊ» ይባላል፤ መጀመሪያም መጨረሻም ነው ለማለት። ከዚሁ ሥር በ1966 ዓ.ም. የፈነዳው አብዮት «አድኃሪ» እና «አድኅሮት» የሚሉትን ቃላት በየሰልፉና በየመግለጫው አሰማ፤ አንጻራቸውም «ተራመደ» ከሚለው የወጣው «ተራማጅ» ነበር። አንዱ ሥር ለውዳሴም ለውግዘትም መዋሉ ሥሩ በራሱ እንደማይፈርድ ያሳያል። የሚፈርደው ቅርጹና አገባቡ ነው። «አድኃሪ» ወደ ኋላ የሚሄድ ማለት አይደለም፤ «አ»ው በዚህ ላይ የአስደራጊነት በመሆኑ ሌላውን ወደ ኋላ የሚያስቀር፣ የሚጎትት ማለት ነው። በ«አፈገፈገ» ላይ ያለው «አ» እና በ«አድኃሪ» ላይ ያለው «አ» በመልክ አንድ ቢሆኑም ተግባራቸው ተቃራኒ ነው። «ኋላ ቀር» ደግሞ ሌላ ነው፤ የሄደም የጎተተም የለም፤ ሌሎች ሲሄዱ እርሱ ቀረ። በዘመኑ የፖለቲካ ንግግር ውስጥ እነዚህ ሦስቱ፣ ይኸውም የሚጎትተው፣ የቀረውና ያፈገፈገው፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ስም ተጠርተዋል። አለመማሩን ብቻ የሚገልጽ ቃል ይገባው የነበረ ሰው ጎታች የሚል ስም ተሰጥቶታል። እንዲህ ያለው ስም በዚያን ዘመን ምን ያህል ዋጋ ያስከፍል እንደነበር አንባቢ ያውቀዋል።

የ«ድኅር» ሥር በዘመናችንም መደናገርን አላጣም። የመረጃ መረብ ገጽ «ድር» ከሚለው ቃል «ድረ ገጽ» ተብሎ ሲሰየም፣ ብዙ ጸሐፊዎች «ድኅረ ምረቃ»ን እያስታወሱ «ድኅረ ገጽ» ብለው ጻፉት። «ድኅረ ምረቃ» ከምረቃ በኋላ ማለት ከሆነ «ድኅረ ገጽ» ከገጽ በኋላ ማለት ይሆናል። በአንድ ፊደል ምክንያት የሸረሪት ድር ወደ ኋላነት ተለወጠ።

5. ከሚሴ፦ ሁለት ቋንቋ፣ አንድ እንቅስቃሴ

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የመንገደኛ ከተማ ናት። ዞኑ ባቲን፣ ዳዋ ጨፋን፣ አርጡማ ፉርሲን፣ ጅሌ ጥሙጋንና ደዌ ሐረዋን ያቀፈ ሲሆን ኦሮምኛና አማርኛ በብዙ ሰው አፍ አብረው ይኖራሉ። እንደማንኛውም የመንገድ ከተማ፣ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲገባ ረዳቱ ከኋላ ቆሞ «ና! ና! ና!» ይላል። ለሹፌሩ ኋላ የሆነው ለረዳቱ ፊት ነው። ወደ ኋላ መሄድ በማን ዐይን እንደሚታይ መዝገበ ቃላቱ ካልተናገረ ፍቺው ጎደሎ መሆኑን ይኸ ተራ ነገር ያስረዳል።

የኦሮምኛውን ቃላት ለአንባቢ እንዲቀሉ በግዕዝ ፊደል እንጽፋለን፤ በሚከተለው «ዱበ» ላይ ያለው «ዱ» ረዝሞ ይነበባል፤ ከአማርኛው «ዱባ» ጋር አይገናኝም። «ዱበ» ኋላ ማለት ነው። «ኦፍ» ራስ ማለት በመሆኑ «ኦፍ ዱበ» ሲባል ወደ ራስ ኋላ ይሆናል፤ አቅጣጫው ከተንቀሳቃሹ ገላ ይለካል። «ዱበቲ ሀፌ» ቃል በቃል ወደ ኋላ ቀረ ማለት በመሆኑ ከአማርኛው «ኋላ ቀረ» ጋር ይገጥማል። «ፉለ» ፊት ነው፤ ከእርሱ የተሠራው «ፉልዱረ» እንደ አማርኛው «ወደፊት» የሚመጣውን ጊዜ ይሰይማል። «በቀቴ» ሸሸ ነው። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ቋንቋዎች እንደ ጎረቤት ይግባባሉ።

ችግሩ የሚመጣው «ዱበቲ ዴቢኤ» ላይ ነው። «ዴቢኤ» ተመለሰ ማለት ነው፤ ሐረጉ በሙሉ ወደ ኋላ ተመለሰ ይሆናል። ይኸ ሐረግ ለሰላማዊ መመለስም ለማፈግፈግም ያገለግላል፤ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከዐውዱ ነው። የአማርኛ ተርጓሚ ግን ከሁለት አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል።

ምሳሌ እናቅርብ። በግጦሽ ምክንያት ሁለት ሰዎች ተጣሉ እንበል፤ ምስክሩ በኦሮምኛ አንደኛው ሰው «ዱበቲ ዴቢኤ» ሲል ለችሎቱ ያስረዳል። አስተርጓሚው «ተመለሰ» ካለ፣ ሰውየው ጠቡን ትቶ ሄዷል፤ ከዚያ ወዲያ የሆነው አዲስ ጠብ ነው። «አፈገፈገ» ካለ፣ ጠቡ አልተቋረጠም፤ አደጋውም ገና አለ። «ሸሸ» ካለ፣ የተከተለው ሰው አሳዳጅ ሆነ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ሕጋዊ መከላከል ሲመዘን ጥቃቱ በዚያች ሰዓት የነበረ ወይም የሚደርስ መሆኑ ይጠየቃል። እንግዲህ የአንድ ሰው ነጻነት በአስተርጓሚው የግሥ ምርጫ ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። አስተርጓሚው ለመዝገበ ቃላት ቢገለጥስ ምን ያገኛል? በስፋት የሚጠቀሱት የግራግ እ.ኤ.አ. የ1982ና የጥላሁን ገምታ የ1989 መዛግብተ ቃላት ኦሮምኛን በእንግሊዝኛ ይፈታሉ፤ የአማርኛዎቹ የሌስላው የ1976ና የኬን የ1990 ሥራዎችም አማርኛን በእንግሊዝኛ ይፈታሉ። ጎረቤታሞቹ ቋንቋዎች የሚገናኙት በሦስተኛ ቋንቋ አቻ ቃል በኩል ይሆናል፤ ፊት መዞሩን ወይም አለመዞሩን የሚያሳየው ልዩነትም በመንገድ ላይ ይጠፋል።

ከችሎት ወደ ዜና ብንሻገር ከሚሴ ሌላ ምስክርነት ትሰጠናለች። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ወደ ከተማዋ ደረሰ፤ በኅዳር ወር መጨረሻም ከተማዋ እንደገና እጅ ለወጠች። በእነዚያ ወራት በአውራ ጎዳናው ላይ ስለሚደረገው መሄድና መመለስ ሲነገር «ማፈግፈግ» ከየአቅጣጫው የሚሰማ ቃል ነበር። ስለ ራሱ የሚናገር ሁሉ አፈገፈገ፤ ስለ ባላጋራው ሲናገር ባላጋራው ሸሸ፣ ፈረጠጠ። ከዚህም ጋር «ስልታዊ ማፈግፈግ» የሚለው ሐረግ ዘወትር ይሰማ ነበር። ከላይ ያቀረብነው ፍቺ ትክክል ከሆነ «ስልታዊ» የሚለው ቅጽል ትርፍ ነው፤ ፍጥጫውን ሳይለቅ ቀስ በቀስ ስፍራ የሚለቅ ሰው ስልት አለውና። ቅጽሉ ያስፈለገው ግሡ ለሽሽት መሸፈኛ ሆኖ በተደጋጋሚ ስላገለገለና ሰሚው ስለተጠራጠረው ይመስለናል። በዚያ መንገድ ዳር ቤቱን ዘግቶ የተሰደደ ሰው ግን አላፈገፈገም፤ «ተፈናቀለ» ነው የሚባለው። እርሱን በሠራዊት ግሥ መግለጽ ከስሕተት ሁሉ የከፋ ነው።

6. የምናቀርበው ሐሳብ

ከላይ ከተመለከተው ተነሥተን «አፈገፈገ» በመዝገበ ቃላት ውስጥ በሚከተለው ሁኔታ እንዲሰፍር እንጠይቃለን።

አፈገፈገ፤ ግሥ፤ ተሳቢ አይቀበልም። ሀ) ሰው ወይም እንስሳ ከፊት ለፊቱ ካለ ከሚገፋው ወይም ከሚያስፈራው ነገር ፊቱን ሳያዞር ርምጃ በርምጃ ወደ ኋላው ሄደ፤ «በቅሎዋ እባብ አይታ አፈገፈገች»። ለ) ሠራዊት ወይም ተፋላሚ ውጊያውን ሳይተው የያዘውን ስፍራ ለቀቀ። ሐ) ተከራካሪ ክርክሩን ሳይተው ከቀድሞ አቋሙ ለዘብ አለ። ከ«ሸሸ»፣ ከ«ተመለሰ»ና ከ«ለቆ ወጣ» ጋር አይምታታም። «ፈገፈገ» ከሚለው የተለየ መግቢያ ነው።

ለሌሎቹ የኋላ ግሦችም አዘጋጆች ሦስት ጥያቄዎችን እንዲመልሱ እናሳስባለን፤ ተንቀሳቃሹ ስፍራውን ለቀቀ ወይስ ባለበት ቀረ? ከፊቱ የሚገፋው ነገር አለ ወይስ የለም? ፍጥጫውን ተወ ወይስ አልተወም? «ኋላ ቀረ» በመጀመሪያው ጥያቄ ይለያል፤ «ተመለሰ» በሁለተኛው ይለያል፤ «ሸሸ» በሦስተኛው ይለያል። በአማርኛና በኦሮምኛ መካከል የሚዘጋጅ መዝገበ ቃላትም ያለ ሦስተኛ ቋንቋ አማላጅነት በእነዚሁ ጥያቄዎች ቢመራ ለዞኑ መምህራን፣ አስተርጓሚዎችና ጸሐፊዎች የሚሰጠው አገልግሎት ቀላል አይሆንም።

መዝገበ ቃላቱ እስኪደርስ ድረስ በችሎት ላይ ያለ አስተርጓሚ «ዱበቲ ዴቢኤ» የሚለውን ሲሰማ «ወደ ኋላ ሄደ» ብሎ ያቅርብ። ከዚያም ችሎቱ «ፊቱን አዙሮ ነው ወይስ ሳያዞር?» ብሎ ምስክሩን እንዲጠይቅ ያስታውስ። ያየው ምስክሩ ነውና ፍቺውን ከእርሱ መስማት ይገባል።